ዓመት የሚቆጠርለት ዘፈን

የሮክ ሙዚቃ የወጣቶች ሙዚቃ ነው ይባላል። ያለፈውን የሚንቅ፣ የአባቶቹን ምክር የማይሰማ፣ ዛሬን ብቻ የሚኖር ሙዚቃ ነው ሲባል ሰባ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን እንደ ሮክ ሰዎች ዓመት የሚቆጥር አላየሁም። ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1965 በኒውፖርት የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጥቶ የተጮኸበት ምሽት፣ በ2025 «60 ዓመት ሞላው» ተብሎ ታስቧል። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ነውና በ2023 ወርቃዊ ኢዮቤልዩው ተብሎ በትልቅ ሣጥን ታሽጎ እንደገና ለገበያ ቀርቧል። የሸክላና የካሴት ፍቅር ከወጣትነቴ ጀምሮ የተጠናወተኝ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን ወሬ ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ደስ እያለኝም አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል።

ዓመት መቁጠር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ተዝካር እናወጣለን፣ ሙት ዓመት እናስባለን፣ ዝክር እንዘክራለን፣ ማኅበር እንጠጣለን። ማኅበር የጠጣ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። የሚዘከረው ማንም ይሁን ማን፣ እንግዳ የሚጠራውና ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ደጋሹ ነው። የሮክ ሙዚቃ ዝክርም ከዚህ አይለይም። እኔን የሚከነክነኝም ይኸው ነው፦ ዓመት የሚቆጠርለትን ቀን የሚመርጠው ማነው? ሳይጠራ የሚቀረውስ?

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከቢትልሶች እንነሣ። «ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ኸርትስ ክለብ ባንድ» የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣ፣ መክፈቻ ዘፈኑ ከሃያ ዓመት በፊት ስለተጀመረ አንድ ምናባዊ ባንድ የሚተርክ ነበር። በተወለደበት ቀን ሃያኛ ዓመቱን ያከበረ አልበም ነው ማለት ይቻላል። እውነተኛው ሃያኛ ዓመት ሲደርስ አሳታሚው ዕድሉን አላሳለፈውም። አልበሙ ጁን 1 ቀን 1987 በሲዲ ወጣ፤ በዚያው ቀን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ስለ አልበሙና ስለ ዘመኑ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። በ2017 ደግሞ 50ኛው ዓመት መጣና የፕሮዲዩሰሩ የጆርጅ ማርቲን ልጅ፣ ጃይልስ ማርቲን፣ የድሮዎቹን ቴፖች አስወጥቶ ድምፁን እንደገና ቀላቀለው። የሚገርመው የሚከበረው ቀን ራሱ ትክክለኛው ቀን አለመሆኑ ነው። በመዝገብ የሰፈረው የመውጫ ቀን ጁን 1 ይሁን እንጂ አልበሙ በእንግሊዝ አገር ሱቆች የደረሰው ጥቂት ቀን ቀድሞ፣ ሜይ 26 ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዝክሩ ትዝታም ንግድም ነው፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ለዝክር የሚበቃው ተቀድቶ የተቀመጠ ነገር ነው። ቴፕ ያለው፣ ፊልም ያለው፣ የባለቤትነት ውል ያለው ነገር ሃምሳ ዓመት ቆይቶም ይነሣል። ይህ የሌለው እንደ ጉም ይተናል።

ዝክር ደግሞ ሁልጊዜ አያምርም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1969 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በአንድ የወተት ላም አርቢ እርሻ ላይ የተካሄደው የዉድስቶክ ፌስቲቫል ከ400 ሺህ በላይ ሰው በዝናብና በጭቃ ውስጥ በሰላም የዋለበት ተብሎ ይወሳል። 25ኛ ዓመቱ በ1994 ተከበረ። 30ኛው በ1999 በቀድሞ የአየር ኃይል ሰፈር ሲደገስ ግን ሙቀቱ፣ የመጠጥ ውኃው ውድነት፣ በሴቶች ላይ የደረሰው ጥቃት፣ በመጨረሻም እሳትና ዘረፋው የድሮውን ስም አጎደፈው። 50ኛው በ2019 ሊከበር ታስቦ ጨርሶ ተሰረዘ። ስሙን መድገም ቀኑን መድገም አይደለም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ወደ አንድ ቀን ለመምጣት ነው። ከሮክ ሙዚቃ ታላላቅ ቀናት ሁሉ የእኛ አገር ስም የተጻፈበት ቀን አለ። እሱም «ላይቭ ኤይድ» የተካሄደበት እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በ2025 40 ዓመት ሞላው፤ ዓለምም አከበረው።

መቼም ረሃብን በሙዚቃ ለመርዳት ያሰቡት የመጀመሪያዎቹ የላይቭ ኤይድ ሰዎች አልነበሩም። ከዚያ 14 ዓመት ቀድሞ፣ ኦገስት 1 ቀን 1971፣ የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ከሕንዳዊው የሲታር ሊቅ ከራቪ ሻንካር ጋር በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለባንግላዴሽ ስደተኞች ሁለት ዝግጅት አቅርቦ ነበር። 40 ሺህ ያህል ሰው ገባ። ከመግቢያው ወደ 250 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለዩኒሴፍ ተሰጠ። ከአልበሙና ከፊልሙ የተገኘው ግን አስቀድሞ በበጎ አድራጎት ደንብ ስላልተመዘገበ በግብር ክርክር ተይዞ ዓመታት ፈጀ። እዚህ ላይ ራቪ ሻንካርን ልብ በሉልኝ። አገሩ ቤንጋል ነውና የተቸገሩት የወገኖቹ ልጆች ነበሩ፤ ሐሳቡንም ለሃሪሰን ያመጣው እሱ ነው። በዚያ መድረክ የመጀመሪያው ተጫዋች የተጎዳው ሕዝብ የገዛ ሙዚቀኛ ነበር። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከበዓል ጋር የተያያዘው ገና ከላይቭ ኤይድ በፊት ነው። በዓሉ ግን የሙዚቃ አልነበረም። ታሪኩ እንዲህ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ሕዝብ እየተራበ እናንተ ትደግሳላችሁ የሚል ክስ ነበር። ክሱ ከባድ ነበር፤ እውነትም ነበረበት። ልክ በአሥር ዓመቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከሳሹ ደርግ አሥረኛ የአብዮት በዓሉንና የኢሠፓን ምሥረታ በሰልፍና በመብራት አደመቀ። አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ ተሸለመች፤ የትግላችን ሐውልት ቆመ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1976 ዓ.ም.፣ ለዓለም ለጋሾች የድረሱልን ጥሪ አሰምቶ ነበር። ነገር ግን በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ስለ ረሃቡ በአገር ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር አልተፈለገም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ነው። አንድ በዓል ሕዝብን ሊጋርድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በዓሉ ካለፈ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና የኬንያው ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም የላኩት ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በንጋት ብርድ ሜዳ ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተደረደረውን ሬሳ ዓለም ያየው ያን ዕለት ነው። «ቡምታውን ራትስ» የተባለው የአየርላንድ ባንድ ድምፃዊ ቦብ ጌልዶፍም ይህንኑ ከቤቱ ሆኖ አየ። ከ«አልትራቮክስ»ው ሚጅ ዩር ጋር ሆነው ዘፈን ጻፉ፤ በስልክና በልመና ታዋቂ ዘፋኞችን ሰበሰቡ፤ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. በምዕራብ ለንደን በሚገኝ ሳርም በተባለ ስቱዲዮ በአንድ ቀን ቀዱት። ስቱዲዮውን ያለ ክፍያ የፈቀደው ፕሮዲዩሰሩ ትሬቨር ሆርን ነው። ቡድኑ «ባንድ ኤድ» ተባለ። ሸክላው በአንድ ሳምንት አንድ ሚሊዮን፣ በጠቅላላው በእንግሊዝ አገር ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የእንግሊዝ መንግሥት ከሽያጩ ቀረጡን አልተውም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ ሕዝብ ሲቆጣ የቀረጡን ያህል ገንዘብ ለእርዳታው ሰጠ።

የሸክላውን ሽፋን የሠራው ሠዓሊ ፒተር ብሌክ ነው፤ ከ17 ዓመት በፊት የ«ሳርጀንት ፔፐር»ን ሽፋን ከሠሩት አንዱ እሱ ነበር። በሽፋኑ ላይ በድሮ የአውሮፓ የገና ሥዕሎች መካከል የተራቡ ሕፃናት ይታያሉ። የዘፈኑ ርዕስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ ነው። ለእኛ አንባቢ መልሱን መንገር አያስፈልግም። ከዒዛና ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የሚያውቅ፣ ገናን በታኅሣሥ 29 የሚያከብር አገር ነው የተጠየቀው። ከተራቡት መካከልም ብዙዎቹ የወሎ እስላሞች ነበሩ፤ ለእነሱ ጥያቄው ከመነሻው የእነሱ አልነበረም። ይህን የምለው ለመሳለቅ አይደለም። ዘፈኑን የጻፉት ሰዎች ቸኩለው ነበር፤ የቸኮሉትም ሰው እየሞተ ስለነበር ነው። ሆኖም ዘፈኑ ስለ እኛ ጠየቀ እንጂ እኛን አልጠየቀም። በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህች ትንሽ ነገር ይጀምራል።

ላይቭ ኤይድ የተካሄደው ቅዳሜ ነበር፤ የሐምሌ ሥላሴ ዋዜማ። በለንደን ሰዓት እኩለ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ «ስቴተስ ኮ» የተባለው ባንድ ዌምብሊ ስታዲየም ላይ ጀመረ። ዌምብሊ 72 ሺህ ያህል፣ የፊላደልፊያው ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ስታዲየም ደግሞ ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይዘው ነበር። ሁለቱ መድረኮች በሳተላይት ተያይዘው ወደ 16 ሰዓት የሚጠጋ ዝግጅት አስተላለፉ። 1.5 ቢሊዮን ሰው እንዳየው ተገምቷል። ፊል ኮሊንስ ለንደን ላይ ዘፍኖ፣ በኮንኮርድ አትላንቲክን አቋርጦ፣ ፊላደልፊያ ላይ ደገመ። የ«ዩ2»ው ቦኖ ከመድረክ ወርዶ ከተመልካች መካከል ካወጣት ልጅ ጋር ደነሰ፤ በዚህም ጊዜያቸው አልቆ አንዱን ታዋቂ ዘፈናቸውን ሳይጫወቱ ወረዱ። «ኩዊን» 21 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ፤ ፍሬዲ መርኩሪም ያን ሁሉ ሕዝብ እንደ አንድ መሣሪያ አስዘመረው። ወደ መጨረሻው ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ማይክሮፎኑ ለሁለት ደቂቃ ያህል እምቢ አለ፤ ሕዝቡ ዘፈኑን ራሱ ይዞለት ሄደ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ገንዘቡን ያመጣው ሙዚቃ ብቻ አልነበረም። ዴቪድ ቦዊ ከተመደቡለት ዘፈኖች አንዱን ትቶ፣ በዚያ ጊዜ ከኢትዮጵያ የመጣ የካናዳ ቴሌቪዥን ፊልም እንዲታይ አደረገ። «ዘ ካርስ» የተባለው ባንድ ዘፈን ከበስተጀርባው ይሰማል፤ በፊልሙ ውስጥ የሞት አፋፍ ላይ ያለች የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ትታያለች። ስታዲየሙ ጸጥ አለ፤ ስልኮቹ ተጨናነቁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ዕለት የፈሰሰው እንባ ከአንጀት ነበር ብዬ አምናለሁ። ጡረተኛውም፣ ተማሪውም፣ ሥራ ፈቱም ከኪሱ ያለውን ሰጥቷል። ይህን የሚክድ ሰው ውለታ አያውቅም።

በእርግጥ እርዳታው ንጹሕ መንገድ አላገኘም። በአገሪቱ ጦርነት ነበር፤ እህል ያልደረሰባቸው አካባቢዎች ነበሩ፤ ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አሠፈረ፤ በዚህም ጉዞ ብዙ ሰው አለቀ። በረሃቡ የሞተው ሕዝብ ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ቁጥሩ እንዲህ የሰፋው ሟቾቹን ስም እየጠራ የመዘገበ ስላልነበረ ነው።

አሁን ወደ ዝክሩ እንምጣ። ላይቭ ኤይድ ሲታሰብ ምን ይታሰባል? ጌልዶፍ ለዘፋኞቹ ዝግጅቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ነው ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር። ሆኖም በሕገወጥ መንገድ የተቀዳው እየበዛ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 በአራት ዲቪዲ ተሸጠ። «ሌድ ዜፕሊን» ያን ቀን አልቀናንም ብለው በዲቪዲው ውስጥ እንዳይገቡ አደረጉ። አንድ ባንድ ያላማረበትን ሰዓት ከታሪክ የማስወጣት መብት ነበረው ማለት ነው። በዚያ ፊልም ላይ የምትታየው ሕፃን እንዲህ ያለ መብት አልነበራትም። ስሟም አልተነገረም።

20ኛው ዓመት ሲደርስ፣ ጁላይ 2 ቀን 2005፣ «ላይቭ 8» ተደገሰ። ዓላማው ገንዘብ መለመን ሳይሆን የስምንቱ ኃያላን አገሮች መሪዎች የድሆችን ዕዳ እንዲሰርዙ መወትወት ነበር፤ ኢትዮጵያም ዕዳቸው እንዲሰረዝ ከተወሰነላቸው 18 አገሮች አንዷ ሆነች። ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ የዚያች ሕፃን ምስል በትልቁ ስክሪን ቆሞ ታየ፤ ቀጥሎም ያቺው ልጅ፣ ብርሃን ወልዱ፣ አድጋ፣ ተምራ፣ በሐበሻ ቀሚስ ወደ መድረክ ወጣች። ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። ዓለም ስሟን ለመስማት 20 ዓመት ፈጀበት። በዚያው ቀን የአፍሪካ ሙዚቀኞች አብዛኞቹ ከዋናው መድረክ ርቀው፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በኮርንዎል፣ ለብቻቸው መድረክ ተሰጣቸው። ስለ አፍሪካ የሚዘከር ዝክር ላይ አፍሪካ ጓዳ ተቀመጠች ማለት ነው። እዚህ ላይ ራቪ ሻንካርን አስታውሱ።

ከዚያ ወዲህ ዝክሩ እየጠበበ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» የተባለው ፊልም መደምደሚያው ላይቭ ኤይድ ነው፤ ነገር ግን ቀኑ የፍሬዲ መርኩሪ ቀን ነው። በ2024 በለንደን ስለ ላይቭ ኤይድ የተሠራ ሙዚቃዊ ቴአትር መታየት ጀመረ፤ ከገቢውም ለባንድ ኤድ ድርጅት ይሰጣል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የባንድ ኤድ ዘፈን 40ኛ ዓመት ሲከበር፣ ትሬቨር ሆርን በልዩ ልዩ ዓመት የተቀዱትን ድምፆች በአንድ ላይ ቀላቅሎ አወጣው። ኤድ ሺራን ግን ድምፄን ለመጠቀም ፈቃዴን አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም እምቢ እል ነበር አለ። ከጋና የሚወለደው እንግሊዛዊ ዘፋኝ ፊዩዝ ኦዲጂ ደግሞ ቀደም ብሎ በ2014 አልገባበትም ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም ዘፈኑ አፍሪካን በረሃብ ብቻ ያሳያል የሚል ነው። ዌምብሊ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ የፊላደልፊያው ስታዲየምም ፈርሷል። ቀኑ ግን በየዓመቱ ይነሣል። የሚነሣውም እንደ ሮክ ታሪክ ነው። የኮረም ሜዳ በታሪኩ መግቢያ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ያቺን ብልጭታ የቀረጸው መሐመድ አሚንስ? በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያ ባልደረባውም ሞተ። አሚን በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን አነሣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ እሱም ከሞቱት አንዱ ሆነ። ዘፈኑም፣ ስታዲየሙም፣ 40ኛ ዓመቱም የመጡት ከእሱ ካሜራ ነው። ኅዳር 14ን ለእሱ ሲል የሚያስብ ስንት የሙዚቃ አፍቃሪ አለ?

ይህን ሁሉ በፈረንጆቹ ላይ ብቻ ጭኜ ብጨርስ አላግባብ ነው። ዝክር የደጋሽ ነው ብያለሁና ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። እኛስ ምን ደገስን?

በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለ ታላቅ የኪነት ቡድን ከአገር ወጣ። ከልዩ ልዩ ቴአትር ቤቶች የተውጣጡ ድምፃውያን፣ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ነበሩበት። ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ ከበሮውን ይዘው፣ የየብሔረሰቡን ውዝዋዜ ይዘው አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞሩ። የጉዞው ዓላማ በድርቁ ዘመን ለደረሰልን ሕዝብ ምስጋና ማድረስ፣ እግረ መንገዱንም ኢትዮጵያ ረሃብ ብቻ አለመሆኗን ማሳየት ነበር። ደርግ ስሙን ማደስ ይፈልግ እንደነበር አልክድም፤ መንግሥት ያለ ምክንያት ዘፋኝ አይሸኝም። ግን ዘፋኙ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚዘፍነው ለመንግሥት ብቻ አይደለም። ብድር በምድር ይላል የአገሬ ሰው፤ እነዚያ ልጆች ብድር ሊመልሱ ነው የሄዱት። የባንድ ኤድ ዘፈን ጥያቄ ነበር ብያለሁ፤ ሕዝብ ለሕዝብ መልሱ ነው። በቪዲዮ ካሴት የተቀዳውን ሳይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ይህ ሐሳብ ነው። ጥያቄው በየዓመቱ ይከበራል፤ መልሱን ግን እኛው ራሳችን በቅጡ አንቆጥረውም።

ሌላም አለ። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» በካይፋ ሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ላይቭ ኤይድ 40 ዓመት በሞላው በዚያው ዓመት 50 ዓመት ሞላው። እ.ኤ.አ. በ1986፣ ዓለም ኢትዮጵያን በዝምታና በአቧራ ብቻ በሚያስባት ሰዓት፣ ብራስልስ የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድን ዘፈኖች በዚሁ ስም አሳትሞ ለአውሮፓ አሰማ። ያን ሸክላ የገዛ ፈረንጅ ስለ ኢትዮጵያ የሰማው ከኢትዮጵያዊ አፍ ነው። ማንም አልዘፈነለትም፤ እሱ ራሱ ዘፈነ። የ«ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን»ን 50ኛ ዓመት በጉጉት የጠበቅን የአዲስ አበባ ሙዚቃ አፍቃሪዎች የ«ኧረ መላ መላ»ን 50ኛ ዓመት ስንቶቻችን ቆጠርን?

ቁጭት ብቻ ግን ድግስ አይሆንም። ከላይ እንዳየነው ዝክር የሚቆመው በቴፕ፣ በፊልምና በመዝገብ ላይ ነው። ጃይልስ ማርቲን የአባቱን ሥራ ሊያድስ የቻለው ቴፖቹ ተጠብቀው ስለቆዩት ነው። የሕዝብ ለሕዝብ ቅጂዎች የት ናቸው? በስንት ሰው ቤት በሻገተ ካሴት ላይ ተቀምጠዋል? ማን ማሲንቆ መታ፣ ማን ከበሮ መታ፣ ማን ልብሱን ሰፋ፣ በየትኛው ከተማ በየትኛው ቀን ተጫወቱ? ከተጓዦቹ ብዙዎቹ አንጋፋዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ወደማይቀረው ሄደዋል። የቀሩት ሲሄዱ የሚያውቁትን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ሕዝብ ለሕዝብ በ2020 ዓ.ም. 40 ዓመት ይሞላዋል። ላይቭ ኤይድን የሚያከብር ሁሉ ያከብር፤ እኔም ያን ቀን አከብራለሁ፣ የኩዊንንም 21 ደቂቃ ደጋግሜ አያለሁ። ለ2020 ግን ከአሁኑ ሥራ አለብን። በዚያ ጉዞ የነበራችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የነበሩ፣ የፕሮግራም ወረቀት፣ ፎቶግራፍ፣ የቀን ማስታወሻ፣ ካሴት ያላችሁ፣ ከሣጥን አውጡት፤ በጀርባው ላይ ቀኑን፣ ከተማውንና የሰዎቹን ስም ከነአባታቸው ጻፉበት። ስም ከተጻፈ በኋላ ዓመቱን መቁጠር ቀላል ነው።